ከቀዶ ሕክምና በኋላ የደም ማቅጠኛ ምርጫ፦ የትኛው መድኃኒት በየት በኩል ለመርጋት በር ይከፍታል?

ዳሌያቸው ተሰብሮ በሰው ሠራሽ የተተካላቸው እናት በዊልቸር ሆነው ወደ ፋርማሲያችን መስኮት መጡ። የሚገፋቸው ልጃቸው ሦስት የመድኃኒት ማዘዣ ይዟል። አንደኛው ላይ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ኢኖክሳፓሪን፣ ሁለተኛው ላይ ሪቫሮክሳባን፣ ሦስተኛው ላይ አስፒሪን ተጽፏል። ያዘዙት በአንድ ሳምንት ውስጥ ያዩዋቸው ሦስት የተለያዩ ሐኪሞች ናቸው። «ሁሉም ደም ማቅጠኛ ነው ተባልኩ፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የቱን ልግዛ?» አለኝ። እናትየው ቀበል አድርገው «ልጄ፣ ርካሹን ስጠንና ወደ ቤታችን እንሂድ» አሉ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይመጣብኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ሰው ስለ ደም ማቅጠኛ ሲጠይቅ የሚፈራው መድማትን ነው፤ መፍራቱም ተገቢ ነው። የሚረሳው ሌላው ወገን ነው፦ ማቅጠኛ እየወሰዱ ደም ሊረጋ ይችላል? አዎ፣ ይችላል። እያንዳንዱ መድኃኒት መርጋት ሾልኮ የሚገባበት የራሱ ቀዳዳ አለው። አንዱ ራሱ ፕሌትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ቀስቅሶ ያረጋል። ሌላው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነገሩን ያባብሳል። ሌላው ደግሞ አንድ ቀን ሲዘለል ሰውነቱን ባዶውን ይተወዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች መድኃኒቶቹን የማወዳድረው በዋናነት በዚህ በኩል ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የቀዶ ሐኪሙና የታካሚው ነው፤ ዓላማዬ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሚጠይቁትን እንዲያውቁ ነው።

ቀዶ ሕክምና ለምን ደም ያረጋል?

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካጠናው መርጋት በመነሣት ሕክምናው እስከ ዛሬ ሦስት ምክንያቶችን ይቆጥራል፦ ደም ሲተኛ፣ የደም ሥር ሲጎዳና ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲዘጋጅ። ኦፕራሲዮን ሦስቱንም በአንድ ቀን ያመጣል። ታካሚው ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፣ ሥሮች ይቆረጣሉ፣ ሰውነት ቁስሉን ለመዝጋት የመርጋት ኃይሉን ሁሉ ያነሣሣል። ዳሌ ወይም ጉልበት ተቀይሮላቸው ያለ መከላከያ ከተተዉ ታካሚዎች ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ በሚሆኑት የእግር ሥር ላይ የረጋ ደም እንደሚገኝ በምስል የተደረጉ የቀድሞ ጥናቶች አሳይተዋል። አብዛኛው ምልክት የሌለው ነው። አደገኛው ከባት ወይም ከጭን ተላቆ ወደ ሳንባ የሚሄደው ነው።

አደጋው ከሆስፒታል በመውጣት አያበቃም። ብዙው መርጋት የሚታየው ታካሚው ቤቱ ገብቶ፣ ጠያቂ ተቀብሎ፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ከተባለ በኋላ ነው። ምርጫውን የሚያከብደውም ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ነርስ በሌለበት ለሳምንታት የሚወሰድ ነው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ዓላማው ነው። መድኃኒቱ የታዘዘው ገና ያልረጋ ደም እንዳይረጋ ነው? የረጋውን ለማከም ነው? ወይስ ታካሚው ቀድሞውንም በብረት ቫልቭ ወይም በልብ ምት መዛባት ምክንያት ማቅጠኛ የሚወስድ ነው? የአንድ መድኃኒት መጠን በእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ይለያያል። ፋርማሲ ላይ የማየው ትልቁ ግራ መጋባትም ከዚህ ይመነጫል፤ ጎረቤት ለሳንባ መርጋት የወሰደውን መጠን አይቶ «የእኔ ለምን አነሰ?» የሚል ብዙ ነው።

ሁለተኛው ኩላሊት ነው። ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ሳይለካ የሚመረጥ ማቅጠኛ በጨለማ የተመረጠ ነው። ሦስተኛው ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፤ በእኛ አገር በተለይ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒቶች። አራተኛው የደም ምርመራ በቅርብ መገኘቱ ነው። አምስተኛው የሰው ጉዳይ ነው፦ መርፌውን ማን ይወጋል፣ ኪኒኑን ማን ያስታውሳል? ስድስተኛው፣ ደም ቢፈስ ማርከሻ ይገኛል ወይ የሚለው ነው።

ዋጋው የመጨረሻው ነው፤ ሲመዘንም የአንድ ፍሬ ሳይሆን የሙሉ ጊዜው ዋጋ መሆን አለበት። ዳሌ የተቀየረለት ሰው እስከ 35 ቀን መከላከያ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህ ማለት 35 የኢኖክሳፓሪን መርፌ፣ ወይም 35 የሪቫሮክሳባን ኪኒን፣ ወይም 70 የአፒክሳባን ኪኒን ነው። ዋርፋሪን በኪኒን ዋጋው ርካሽ ይመስላል፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሚደጋገመው የአይኤንአር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው) ምርመራ የሚከፈለውን፣ የታክሲውንና አብሮ የሚሄደው ሰው ከሥራ የሚቀርበትን ቀን ይደምሩበት። አሥር መርፌ ገዝቶ ያቆመ ሰው ገንዘብ አልቆጠበም፤ አደጋው ሳያልፍ መከላከያውን አነሣ እንጂ።

ተራው ሄፓሪን

ከሁሉም የቆየው ነው። በ1916 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲመረምር የነበረ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ ከውሻ ጉበት ካገኘው ነገር ተነሥቶ የመጣ ነው። ለመከላከያ 5,000 ዩኒት በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ትልቁ ጥቅሙ በፍጥነት ከሰውነት መውጣቱ ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ግማሹ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ይወጣል፣ ፕሮታሚን የሚባል ማርከሻ አለው፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም ይሆናል። ስለዚህ ደም መፍሰሱ ገና ለሚያሠጋ ወይም ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል ሊገባ ለሚችል ታካሚ ሆስፒታል ውስጥ የሚመረጥበት ምክንያት አለ።

ቀዳዳው ግን ከሁሉም የሚያስደነግጠው ነው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሰውነት ሄፓሪኑና ከፕሌትሌት የሚወጣ ፕሮቲን ሲጣመሩ ባዕድ ነገር አድርጎ ያያቸውና ፀረ እንግዳ አካል ያመርትባቸዋል። ያ ፀረ አካል ተመልሶ ፕሌትሌቶችን ይቀሰቅሳል። ፕሌትሌቶቹ እየተጣበቁ ያልቃሉ፤ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ቁጥራቸው ሲወርድ በደም ሥር ውስጥ ግን ደም እየረጋ ነው። በሕክምናው ቋንቋ ሂት ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሄፓሪን ከተጀመረ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን ዋናው ምልክቱ ፕሌትሌት ከነበረበት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ መውረዱ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ገደማ ሄፓሪን የተሰጠው ሰው ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ ሄፓሪን ከቆመ በኋላ የሚከሰትም አለ።

የተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና ትልቅ የሆነ ታካሚዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በ1995 በታተመ ጥናት ዳሌያቸው ከተቀየረና ተራ ሄፓሪን ከወሰዱ 332 ታካሚዎች ዘጠኙ፣ ማለትም 2.7 በመቶዎቹ፣ ይህ ችግር ሲገጥማቸው ኢኖክሳፓሪን ከወሰዱት 333ቱ ግን አንድም አልነበረም።

አንድ ቀን ከቀዶ ክፍል የመጣ ፋይል ሳይ የሆነውን አልረሳውም። ታካሚው ሲገባ ፕሌትሌቱ 280,000 ነበር፣ በሰባተኛው ቀን 110,000 ሆኗል። ፋይሉ ጠርዝ ላይ «በኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል» ተብሎ ተጽፎ ሄፓሪኑ ቀጥሏል። የግራ ባቱ አብጧል። ወደ ክፍሉ ደውለን መርፌው ቆመ፤ ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የገባውን ቀጭን ቱቦ) ለማጠብ የሚገባው ሄፓሪን ሳይቀር እንዲቆም አስደረግን። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው፤ ዋናው መርፌ ቆሞ ማጠቢያው ሲቀጥል ችግሩም አብሮ ይቀጥላል። ሂት ከተጠረጠረ ሄፓሪንን ማቆም ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ዓይነት ማቅጠኛ ይተካል። ወደ ኢኖክሳፓሪን መዞር አይቻልም፣ ከአንድ ዘር ናቸውና። ዋርፋሪንም ፕሌትሌት ወደ 150,000 ሳይመለስ አይጀመርም።

ለታካሚ ቤተሰብ ከዚህ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሄፓሪን ከመጀመሩ በፊት ፕሌትሌት ተለክቷል? ከአራተኛው ቀን ጀምሮስ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ይለካል?»

ኢኖክሳፓሪን

ብዙ ሰው «ክሌክሳን» እያለ በአንዱ የንግድ ስሙ ይጠራዋል። የተለመደው መከላከያ መጠን 40 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው። ተሞልቶ በሚመጣ ትንሽ ስሪንጅ ቤት ውስጥ መወጋት ይቻላል። ሂት የማምጣት ዕድሉ ከተራው ሄፓሪን ያነሰ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። በሆድና በዳሌ አካባቢ የካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ለአራት ሳምንት ያህል እንዲቀጥል የሚመከረው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በ2002 በታተመ ጥናት ለአንድ ሳምንት ያህል ኢኖክሳፓሪን ከወሰዱ በኋላ መድኃኒት ወደሌለበት መርፌ ከተዛወሩት 12 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ከቀጠሉት ደግሞ 4.8 በመቶ ላይ መርጋት ታይቷል።

ጥንቃቄ የሚሹት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኩላሊት ነው፤ መድኃኒቱ በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማልና መጠኑ መቀነስ አለበት። ሁለተኛው አወጋጉ ነው። ስሪንጁ ውስጥ የምትታየውን የአየር አረፋ አስወጣለሁ ብለው የመድኃኒቱን ጠብታ አብረው የሚያፈሱ አሉ። ሙሉ መጠን ሲወሰድ አረፋዋ አትወጣም፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ገብታ የቀረውን የምትገፋ ናት። ከእምብርት ራቅ ብሎ በጎን በኩል ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ መርፌውን ቀጥ አድርጎ ማስገባት፣ መድኃኒቱ ገብቶ እስኪያልቅ ቆዳውን አለመልቀቅ፣ ከወጡ በኋላ አለማሸት፤ ነገ ደግሞ ሌላውን ጎን። የሚያሸት ሰው ሆዱ በሰማያዊ ነጠብጣብ ይሞላና «መድኃኒቱ እያደማኝ ነው» ብሎ ያቆማል። ያን ጊዜ ነው ደም የሚረጋው።

ሌላም ሊነገር የሚገባው ነገር አለ፤ ሄፓሪንም ኢኖክሳፓሪንም የሚሠሩት ከአሳማ አንጀት ነው። ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያንም ሆነ የቤተ እስራኤል ታካሚ ይህን ማወቅ መብቱ ነው። መርፌው ከተጀመረ በኋላ ሰምቶ በድንገት ከማቆም ቀድሞ ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ጠይቆ መወሰን ይሻላል። ሙሉ በሙሉ በላብራቶሪ የሚሠራ ፎንዳፓሪኑክስ የሚባል አማራጭ መርፌ አለ፤ 2.5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይሰጣል። ሂት ላለባቸው ሰዎችም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ኩላሊቱ በጣም ለደከመና ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው ግን ለመከላከያ አይሰጥም። በእኛ ገበያ እንደ ኢኖክሳፓሪን በቀላሉ አይገኝም።

ዋርፋሪን

የተገኘው በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ የበሰበሰ ድርቆሽ በልተው እየደሙ የሚሞቱ ከብቶችን ምክንያት ሲፈልጉ ነው። መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆነ፤ ከ1954 ጀምሮ ለሰው ተፈቀደ። ይህን የሰሙ ታካሚዎች ይደነግጣሉ። ነገር ግን ለብረት የልብ ቫልቭ እስከ ዛሬ ተተኪ ያልተገኘለት ይህ ኪኒን ነው።

ቀዳዳው አጀማመሩ ላይ ነው። ዋርፋሪን ቫይታሚን ኬ የሚያስፈልጋቸውን የመርጋት ፕሮቲኖች ያጠፋል፤ ነገር ግን ሰውነት ደም እንዳይረጋ የሚጠቀምበትን ፕሮቲን ሲንም አብሮ ያጠፋል። ፕሮቲን ሲ በሰዓታት ውስጥ ሲወርድ ዋናው የመርጋት ፕሮቲን ግን ለመውረድ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መከላከያው ወድቆ አርጊው ቆሞ ይቆያል። አልፎ አልፎ በዚህ ምክንያት ጡት፣ ጭን ወይም መቀመጫ አካባቢ ቆዳ ጠቁሮ የሚሞትበት ሁኔታ ይከሰታል። የረጋ ደም ለሚታከምለት ሰው ዋርፋሪን ሲጀመር ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን ቢያንስ ለአምስት ቀን፣ አይኤንአርም 2 ደርሶ አንድ ቀን እስኪሞላው ድረስ አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። «ኪኒኑን ከጀመርኩ መርፌው ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ መልሱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ምግብ ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ስለሆኑ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳሉ። የሁዳዴ ጾም ሲገባ ገበታው ወደ ጎመን ይዞርና አይኤንአሩ ይወርዳል፤ ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ቀርቶ ይወጣል። መፍትሔው ጎመን መተው ሳይሆን በሳምንት የሚበሉትን መጠን አለመለዋወጥና ጾም ሲገባና ሲወጣ አይኤንአር መለካት ነው። ሦስተኛው መድኃኒት ነው። የቲቢው ሪፋምፒሲን የዋርፋሪንን ኃይል አጥብቆ ይቀንሳል። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል ደግሞ በተቃራኒው ወደ መድማት ይገፉታል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሜትሮኒዳዞል ምን ያህል ጊዜ እንደሚታዘዝ የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቀውም።

አዳዲሶቹ ኪኒኖች፦ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን፣ ዳቢጋትራን

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። መርፌ የላቸውም፣ አይኤንአር አይለካላቸውም፣ ጎመን አይነካቸውም። ዳሌ ለተቀየረለት ሰው ሪቫሮክሳባን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ አፒክሳባን ደግሞ 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለ35 ቀን ያህል ይሰጣል፤ ለጉልበት ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በ2010 በታተመው የዳሌ ጥናት አፒክሳባን ከወሰዱት 1.4 በመቶ፣ ኢኖክሳፓሪን ከወሰዱት 3.9 በመቶ ላይ መርጋት ወይም ሞት ተመዝግቧል፤ አብዛኛው በምስል ብቻ የተገኘ መርጋት ነበር። ለአጥንት ቀዶ ሕክምና፣ ኩላሊቱ ደህና ለሆነና መድኃኒቱን ሳይዘል ለሚወስድ ሰው፣ እኔ ከመርፌው ይልቅ እነዚህን አስቀድማለሁ።

«ሳይዘል» ያልኩት በምክንያት ነው። ኃይላቸው በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። ዋርፋሪን አንድ ቀን ቢረሳ ጥቂት ቀሪ ኃይል ይኖረዋል፤ እነዚህ ግን ሲዘለሉ የሚቀር ነገር የለም። ያለ ጊዜው ማቆም የመርጋት አደጋን እንደሚያመጣ አሜሪካ ውስጥ በሪቫሮክሳባንና በአፒክሳባን መግለጫ ወረቀት ላይ በሣጥን ተከብቦ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ባንኮክ ወይም ህንድ ታክመው የሚመለሱ ሰዎች ለአሥር ቀን የሚሆን ኪኒን ይዘው ይመጡና የቀረውን እዚህ ሲፈልጉ ቀናት ያልፋሉ። ያውም ረጅም በረራ ላይ ተቀምጠው፣ ለመርጋት በተመቻቸ ጊዜ። ሙሉውን ጊዜ የሚሸፍነውን ሳይገዙ አውሮፕላን አይሳፈሩ።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ጭራሽ የማይሰጡባቸው ቦታዎች መኖራቸው ነው። የብረት ቫልቭ የተገጠመላቸው ሰዎች ዳቢጋትራንን ከዋርፋሪን ጋር ያወዳደረው ጥናት በ2013 ሲታተም በዳቢጋትራን በኩል መርጋቱም መድማቱም በዝቶ ሳያልቅ የተቋረጠ ነበር። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ቫልቫቸው የጠበበና የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ላይ በ2022 የታተመው ጥናትም እንደ ዋርፋሪን ያሉት መድኃኒቶች ከሪቫሮክሳባን የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። በአገራችን የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሆነው የሩማቲክ ልብ ሕመም ብዙ ወጣት ስለሚያጠቃ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ በቅንነት «አዲሱን፣ ምርመራ የማይፈልገውን» ኪኒን በሻንጣ ሲልክ የብረት ቫልቭ ላለበት ሰው የሚልከው አደጋ ሊሆን ይችላል። አንቲፎስፎሊፒድ የሚባለው የመርጋት በሽታ ያለበት ሰውም እንዲሁ በዋርፋሪን ነው የሚታከመው።

ሪፋምፒሲን የእነዚህንም መጠን በደም ውስጥ ያወርዳል፤ የቲቢ መድኃኒት ላይ ላለ ሰው ኢኖክሳፓሪን ይሻላል። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ሪቫሮክሳባንንና አፒክሳባንን ከፍ አድርጎ ያደማል። ዳቢጋትራን 80 በመቶው በኩላሊት ስለሚወጣ ለደከመ ኩላሊት ሦስተኛ ምርጫዬ እንኳን አይደለም። ጡት ለምታጠባ እናት ሦስቱም አይመከሩም።

አስፒሪን

ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ለማን እንደሚበቃ ግን ጥናቶቹ ራሳቸው ይለያያሉ። በ2022 በታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ዳሌና ጉልበት ከተቀየረላቸው ሰዎች በ90 ቀን ውስጥ ምልክት ያሳየ መርጋት አስፒሪን ከወሰዱት 3.45 በመቶ፣ ኢኖክሳፓሪን ከወሰዱት 1.82 በመቶ ላይ ተከስቷል። በ2023 የታተመውና 12,211 የአጥንት ስብራት ታካሚዎችን ያካተተው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ደግሞ በሞት በኩል ልዩነት አላገኘም፤ የእግር ሥር መርጋት ግን በአስፒሪን 2.51፣ በኢኖክሳፓሪን 1.71 በመቶ ነበር። በካናዳ የተሠራው የ2018 ጥናት ሌላ መንገድ አሳየ፦ መጀመሪያ አምስት ቀን ሪቫሮክሳባን፣ ከዚያ 81 ሚሊ ግራም አስፒሪን። ውጤቱ ሙሉውን ጊዜ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ጋር ተቀራራቢ ሆነ።

እኔ ከዚህ የምረዳው አስፒሪን ቶሎ ተነሥቶ ለሚራመድ፣ ቀድሞ ረግቶበት ለማያውቅ፣ ካንሰር ለሌለበት ሰው በተለይ እንደ ሁለተኛ ምዕራፍ ጥሩ መሆኑን ነው። ለካንሰር ቀዶ ሕክምና ወይም ቀድሞ መርጋት ለነበረበት ሰው ግን በርካሽነቱ ብቻ አይመረጥም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መድኃኒት | አወሳሰድ (ለመከላከያ) | ደም የሚረጋበት ቀዳዳ | ኩላሊት ሲደክም | ክትትል | ማርከሻ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ ሄፓሪን | መርፌ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ | ሂት፣ ከ5ኛ እስከ 10ኛ ቀን | ይቻላል | ፕሌትሌት | ፕሮታሚን፣ ሙሉ |
| ኢኖክሳፓሪን | መርፌ፣ በቀን 1 ጊዜ | መርፌ መዝለል፤ ሂት ያነሰ | መጠን ይቀነሳል | ክሪያቲኒን፣ ፕሌትሌት | ፕሮታሚን፣ በከፊል |
| ፎንዳፓሪኑክስ | መርፌ፣ በቀን 1 ጊዜ | መርፌ መዝለል | በጣም ከደከመ አይሰጥም | ክሪያቲኒን | የለውም |
| ዋርፋሪን | ኪኒን፣ በቀን 1 ጊዜ | የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ምግብ፣ ሪፋምፒሲን | ይቻላል፣ በጥንቃቄ | አይኤንአር | ቫይታሚን ኬ፣ ፕላዝማ |
| ሪቫሮክሳባን | ኪኒን፣ በቀን 1 ጊዜ | መዝለል፣ የብረት ቫልቭ፣ ሪፋምፒሲን | በጣም ከደከመ አይመረጥም | ክሪያቲኒን | ውድ፣ በቀላሉ የማይገኝ |
| አፒክሳባን | ኪኒን፣ በቀን 2 ጊዜ | እንደ ሪቫሮክሳባን | ከሦስቱ ይሻላል | ክሪያቲኒን | ውድ፣ በቀላሉ የማይገኝ |
| ዳቢጋትራን | እንክብል፣ በቀን 1 ጊዜ | መዝለል፣ የብረት ቫልቭ፣ ሪፋምፒሲን | አይመረጥም | ክሪያቲኒን | አለው፣ ውድ |
| አስፒሪን | ኪኒን | ለከፍተኛ አደጋ ኃይሉ ማነሱ | በጥንቃቄ | አያስፈልገውም | የለውም |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

ዳሌ ወይም ጉልበት የተቀየረለት፣ ኩላሊቱ ደህና የሆነና አቅም ያለው ሰው ከሪቫሮክሳባንና ከአፒክሳባን አንዱን ቢመርጥ ይመቸዋል። አቅም ካነሰ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጠንካራው አልፎ ቀሪውን በአስፒሪን መጨረስ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለ35 ቀን ከተጻፈ ውድ መድኃኒት አሥር ቀኑን ብቻ ገዝቶ ከመተው ይህ እጅግ ይሻላል።

ለካንሰር በሆድ በኩል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ኢኖክሳፓሪን፣ ለአራት ሳምንት ያህል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት አደጋዋ ከፍ ያለ ከሆነ ኢኖክሳፓሪን ወይም ሄፓሪን፤ ረጅም ጊዜ ካስፈለጋት ዋርፋሪንም ከማጥባት ጋር ይሄዳል፣ ለነፍሰ ጡር ግን ጽንሱን ይጎዳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሆስፒታል ውስጥ እያለ ተራ ሄፓሪን፣ ከፕሌትሌት ክትትል ጋር።

ቀድሞ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሌላ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው ኪኒኑን አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ቀን በፊት ያቆማል። ምክንያቱ የልብ ምት መዛባት ብቻ ከሆነ በመሃል በመርፌ መሸፈን ለብዙዎቹ አያስፈልግም። በ2015 የታተመው ጥናት ሳይሸፈኑ የቆዩት ላይ መርጋቱ 0.4፣ በተሸፈኑት 0.3 በመቶ፣ ከባድ መድማት ግን 1.3 እና 3.2 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በግራ በኩል ባለው ሚትራል ቦታ ላይ የብረት ቫልቭ ያለበት ሰው ግን ከዚህ ስሌት ውጪ ነው፤ ያለ ሽፋን የሚቆይበትን ቀን የልብ ሐኪሙ ይወስን።

መድማቱ በራሱ የሚያሠጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ መጀመሪያ እግርን እየጨመቀ የሚለቅ ማሽን ይደረጋል፤ መድኃኒቱ ይዘገያል። ለሁሉም ሰው ደግሞ ከአልጋ ቶሎ መነሣት ዋጋ የማይጠየቅበት መከላከያ ነው። «ገና ቁስሉ አልደረቀም፣ ተኛ» የሚል አስታማሚ በፍቅር ነው የሚለው፤ ሐኪሙ ተነሣ ካለ ግን ይነሣ። ለሕመሙ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራስ መግዛት ከማቅጠኛ ጋር ሆድ ያደማልና ፓራሲታሞል ይቅደም።

ከሆስፒታል ሲወጡ

ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይኑር፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የሚወሰድበት ሰዓት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ችግር ሲኖር የሚደወልበት። ሰዓቱና ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ። «8:00» ተብሎ የተጻፈውን አንዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሌላው ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ሲያነበው ስድስት ሰዓት ይዛባል። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ የማብቂያ ቀን ደግሞ በእኛ ከተነበበ አንድ ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ያስቆማል።

አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ከወጋ ወይም ደም ካሳሉ፣ ማቅጠኛ እየወሰዱ ነውና መርጋት ሊሆን አይችልም ብለው አይቆዩ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወድቀው ጭንቅላት ከተመቱ፣ ወይም ጀርባ ላይ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ከሄዱ በኋላ እግር ከደነዘዘና ከከበደ፣ ያኔም በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በመስኮቱ ላይ የነበሩት እናት ጉዳይ እንዲህ አለቀ። ቀዶ ሐኪማቸው ጋ ደወልን፤ ክሪያቲኒናቸው ታይቶ ደህና ሆነ፣ የቲቢ መድኃኒት አይወስዱም፣ ቀድሞ ረግቶባቸው አያውቅም። ሐኪሙ ከሦስቱ ማዘዣዎች ኢኖክሳፓሪኑን ሰርዞ አምስት ቀን ሪቫሮክሳባን፣ ከዚያ እስከ 35ኛው ቀን አስፒሪን እንዲሆን ወሰነ። ልጁ አምስቱን ኪኒን በአንድ ፖስታ፣ አስፒሪኑን በሌላ ፖስታ አድርጌ ስሰጠው ስልኩን አውጥቶ ቆጠረና የመጨረሻዋን ቀን በእስክሪብቶ ፖስታው ላይ ጻፋት፦ ኅዳር 12።